ልጄን መስመር ዳር ላይ ለሁለት ስለ ከፈለው ማሽን

ጊንጪ፣ ጥር 1982 ዓ.ም.

ለጓድ ብዙነህ ደጀኔ
የማስታወቂያ ማዘጋጃና ማባዣ ክፍል ኃላፊ
አምቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ ቀጥሎም በክፍልዎ ውስጥ በክብር ለተቀመጠው አዲሱ ማሽን ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኛ የጊንጪ ነዋሪዎች የጥር ብርድ ጉንፋን ካስያዘን በቀር ደኅና ነን፤ ደኅና መሆናችን ከክፍልዎ በሚወጣ ማስታወቂያ እስኪነገረን ድረስ ግን እርግጠኛ ለመሆን አንደፍርም።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዬን በግል ላስረዳዎ አምቦ ድረስ መጥቼ ነበር፤ እርስዎም ከማስታወቂያ ውጭ ያለ ወረቀት ለማየት ጊዜ እንደሌለዎ ስለ ነገሩኝ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ ጉዳዬን ማስታወቂያ አድርጌዋለሁ።

ደግሞም ማንም ሰው ቃሌን እንዳያጣምምብኝ ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። ስለ ብሔራዊ ውትድርናው አንዲት ቃል አልተናገርሁም፤ አልናገርምም። ታላቁ ልጄ ተጠርቶ ሄዷል፤ ስንቁን ቋጥሬ አውቶቡስ ላይ ያሳፈርሁት እኔው ነኝ። የእኔ አቤቱታ ስለ መስመር ነው፤ ያውም ስለ ጦር ግንባር መስመር ሳይሆን ወረቀት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄደውና ዳር ሲደርስ ወደ ታች ስለሚወርደው መስመር።

እኔ ከድሮ ሸምሱ እባላለሁ። ጊንጪ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና አቡጀዲ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፈተ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ፣ ሱቁን ወረስሁ። አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከቢሮ ወረቀት፣ ኦሮምኛን ከጎረቤትና ከገበያ ተማርሁ፤ በሁለቱም ስሜ ከድሮ ነው። አንድ ቃል ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የመጣሁበት ጉዳይ ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ክፍልዎ ከወዳጅ አገር የመጣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጽሕፈት መኪና መረከቡን በደስታ ሰምተናል። የቀድሞው መኪና ዳር ሊደርስ ሲል ደወል ይደውል ነበር፤ ጸሐፊዋም ደወሉን ሰምታ ቃሉ የሚያልቅ ከሆነ ትጨርሰዋለች፣ የማያልቅ ከሆነ ሙሉውን ይዛው ትወርዳለች። አዲሱ አይደውልም፤ አይጠይቅም፤ ዳር ሲደርስ በራሱ ይወርዳል። ከዚህ ጋር አያይዘው የወረቀት ቁጠባ መመሪያ አወጡ። በመመሪያው መሠረት መስመር ሁሉ እስከ ጫፉ ይሞላል፤ በቃልና በቃል መካከል ይቆም የነበረው ሁለት ነጥብም ቦታ ስለሚፈጅ ቀርቷል። በእጃቸው የሚጽፉ የቀድሞ ሰዎች መስመር ሲያልቅባቸው ቃሉን ከመካከሉ ቆርጠው ቢወርዱ አንባቢ አይሳሳትም ነበር፤ ሁለት ነጥቧ እስክትመጣ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃላ። እርስዎ ነጥቧን ወሰዱና መቁረጡን ተዉልን። አሁን ቃሉ አልቆ ይሁን ተቆርጦ የሚነግረን የለም።

ከዚህ የተነሣ የደረሱብንን ነገሮች በቁጥር ላቅርብ።

1. በጥቅምት ወር በጭልሞ ደን መግቢያ ላይ፣ ከክፍልዎ የወጣ ባለ ሁለት መስመር ማስታወቂያ በአንድ ግንድ ላይ ተቸነከረ። የላይኛው መስመር «በጭልሞ ደን ውስጥ እንጨት ያለ» ይላል፤ የታችኛው «ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው» ይላል። ያለ ፈቃድ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው ለማለት ፈልጋችሁ እንደ ነበር የሚጠረጥር ሰው አልጠፋም። ነገር ግን «ያለ» የምትባለው ትንሽ ቃል ተከታይዋን ተነጥቃ ዳር ላይ ብቻዋን ስትቀር፣ እንጨቱ መኖሩን ትመሰክራለች እንጂ የፈቃድ አለመኖርን አትናገርም። የደኑ ጥበቃ ኦቦ ፉፋ ደግሞ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። የላይኛውን መስመር አነበበና እንጨት መኖሩን እኔም አውቃለሁ አለ፤ የታችኛውን አነበበና የፈቃድ ደረሰኙን ጥራዝ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ፈቃድ መቁረጥ ተከልክሏላ። በሕጉ መሠረት ፈቃድ አስቆርጠው የወደቀ ዛፍ ሊያነሡ የሄዱ ገበሬዎች ባዶ አህያ እየነዱ ተመለሱ። ጎረቤቴ ኦቦ ጉታ የጎተራውን ምሰሶ ለመቀየር እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ያለ ፈቃድ የሚቆርጡት ግን ማስታወቂያ የማንበብ ልማድ ስለሌላቸው ሥራቸውን አላቋረጡም። ደኑን ከሕግ አክባሪዎች ስለ ጠበቃችሁልን እናመሰግናለን።

2. በሥራ ትጋታቸው የተመሰገኑ የክፍልዎ ሠራተኞች ስም ሲወጣ፣ የጸሐፊዎ የወይዘሮ ወርቅውሃ ስም «ወርቅ» ላይ ዳር ደርሶ «ውሃ» ከታች ተገኘ። ወረቀቱ ጊንጪ ሲደርስ ግማሹ ሰው ሠራተኞቹ ወርቅ ተሸለሙ አለ፤ ግማሹ ደግሞ ለከተማው ውሃ ሊገባለት ነው ብሎ ተስፋ አደረገ። ውሃው አልገባም። ወይዘሮዋ አልተቆጣችም ይባላል፤ የጻፈችው ራሷ ስለሆነች ማንን ትቆጣለች።

3. በነሐሴ የእንጭኒ የገበያ ቀን መለወጡን ስታስታውቁ፣ የመጀመሪያው ገጽ «ከረቡዕ ወደ» በሚለው አለቀ፤ ሁለተኛውን ገጽ ዝናብ አጥቦ ወሰደው። ገበያው ከረቡዕ መነሣቱን ሁላችንም አወቅን፤ ወዴት እንደ ሄደ ግን አላወቅንም። እኔ ጨው ጭኜ የተንከራተትሁትን ትቼዋለሁ፤ አልጠይቅበትም።

4. አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። እስካሁን ሲያነቡ ፈገግ ብለው ከሆነ፣ ፈገግታዎን እዚህ ላይ ቢያቆሙልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ታላቁ ልጄ ዓብዱልመጂድ ይባላል። ይህም አንድ ስም ነው። «ዓብዱል» ማለት የእገሌ አገልጋይ ማለት ነው፤ የማን እንደሆነ የሚነግረው ተከታዩ ነው፤ ስለዚህ እንደ «ወደ» እና እንደ «ያለ» ሁሉ ብቻውን መቆም የሚችል አይደለም። በእኛ ቤት ማንም ቆርጦት አያውቅም፤ እናቱ ሐሊማ ተቆጥታ ስትጠራው እንኳ ሙሉውን ነው የምትጠራው።

በመስከረም ለግዳጅ የተጠሩ ወጣቶች ስም ወጣ። እንደ ጋዜጣ ያምራል ተብሎ ገጹ በጠባብ ዓምድ ተከፍሎ ስለ ነበር፣ ማሽንዎ ደጋግሞ ዳር እየደረሰ ደጋግሞ ወረደ። በአንዱ መስመር ጫፍ «ዓብዱል»፣ ከሥሩ «መጂድ ከ»፣ ከእሱ ሥር «ድሮ» ተብሎ ተጻፈ። ልጄ ራሱን ከሦስት መስመር ለቃቅሞ አገኘና በቀኑ ቀረበ። መዝጋቢው «ዓብዱል» የሚለውን መስመር አገኘ፣ ቀርቧል ብሎ ምልክት አደረገበት፣ ልጄም ሄደ። ከሥሩ ያለው መስመር ግን ምልክት ሳይደረግበት ቀረ።

በታኅሣሥ ያልቀረቡት ሰዎች ስም በሌላ ማስታወቂያ እንዲወጣ ታዘዘና፣ ክፍልዎ ምልክት የሌለባቸውን መስመሮች እያየ ጻፈ። በዚህ ጊዜ መጂድ የሚባል ሰው አገኛችሁ። ከእሱ ቀጥሎ «ከ» የሚል፣ ከታችም «ድሮ» የሚል ነበር። ሁለቱን ስትገጥሟቸው የአባት ስም መሆኑ አልታያችሁም፤ ተራ አማርኛ ሆነላችሁ፤ ተራ አማርኛም ስለሆነ ጎደሎውን አሟላችሁለት። ከራሴ አልፈጠርሁም፤ ወረቀቱ ዛሬም ከዚህ ደብዳቤ ጎን ተለጥፎ ይገኛል። «መጂድ፣ ከድሮ ጀምሮ ያልቀረበ» ይላል።

ክቡር ጓድ፣ የሠራችሁትን እስቲ አብረን እንየው። አንዱን ልጄን ሁለት ሰው አደረጋችሁት። ሁለተኛውን ኮብላይ አደረጋችሁት። እኔን አባቱን ደግሞ ዘመን አደረጋችሁኝ። አባቴ ያወጣልኝ ስም፣ ሱቄ በር ላይ የተጻፈው ስም፣ ሰው ሁሉ ጠዋት ማታ የሚጠራኝ ስም ተውሳከ ግስ ሆኖ ልጄን ከሰሰው። ይህን ያህል ሥራ በአንድ ቁራጭ መስመር የሠራ ክፍል በአገሪቱ ውስጥ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

በቀበሌያችን «መጂድ» የሚል ያለበት ስም የእኔ ልጅ ስም ብቻ ስለሆነ፣ ሊቀ መንበሩ ጓድ ጉግሳ ወረቀቱን ይዞ ሱቄ መጣ። ሌላ ጊዜ ሲመጣ የስኳር ኩንታሉ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ያን ቀን ቆሞ ቀረ። ለዓብዱልመጂድ ስም ሲወጣለት ከተጋበዙት አንዱ እሱ ነበር፤ ለዒድም ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። አቀርቅሮ ኮብላይ ደብቆ የሚያኖር ሰው እንደሚታሰር ነገረኝ። እኔም ኮብላዩ ማን እንደሆነ ብጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ከድሮ፣ መጂድ የሚባል ልጅ እንደሌለህ እኔ አውቃለሁ። ወረቀቱ ግን አያውቅም። ወረቀቱን ምን ልበለው?»

ከዚያ መጂድን እስከ እሑድ እንዳቀርብ፣ ካላቀረብሁም እኔ እንደምታሰርና በእሱ ፈንታ ከቤቱ ሌላ ወንድ ልጅ እንደሚሄድ ነግሮኝ ወጣ። በቤቴ ያለው ሌላ ወንድ ልጅ አብዱልናስር ነው። ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ለግዳጁ ሕጉ ራሱ አይፈቅድለትም። ሳሙና ሊገዛ መጥቶ ጥግ ላይ ሆኖ ሁሉን የሰማው ኦቦ ፉፋ «ማል ጎና፣ ከድሮ?» አለኝ፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። «አድርግ» ሳይል «እናድርግ» ብሎ ጭንቄን የእኔና የእሱ ስላደረገልኝ አላህ ይስጠው።

አርብ ዕለት ሱቁን ለልጄ ለዘሀራ ትቼ ወደ እርስዎ መጣሁ። መቀበልዎን አልክድም። ስለ ማሽኑ ሊጠይቅዎ የሚመጣ ሰው ስለማይበዛ ይሁን አላውቅም፣ በደስታ አስነሥተው አሳዩኝ፤ ወይዘሮ ወርቅውሃም አንድ መስመር ጻፈችልኝ፤ በእርግጥም ማንም ሳይነካው በራሱ ወረደ፤ እኔም አደነቅሁ። ከዚያ ነጋዴ ነኝና የገዛሁት ዕቃ ምን ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ልማዴ ስለሆነ ጠየቅሁዎ። ይህ ማሽን ከመውረዱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላው እንዲያይ ማድረግ አይቻልም ወይ? ዳሩ ላይ «ከ»፣ «ወደ»፣ «ያለ»፣ «እነ»፣ «ዓብዱል» የመሳሰለ ብቻውን መቆም የማይችል ቃል ቢያገኝ፣ ማንም ሳያዝዘው ከተከታዩ ጋር አብሮ እንዲያወርደው ማድረግ አይቻልም ወይ? በራሱ መውረድን ያወቀ በራሱ መያዝን እንዴት ያቅተዋል?

እርስዎም ማሽኑ አማርኛ አያውቅም አሉኝ። ይህ መልስ እስካሁን ያስጨንቀኛል፤ የአማርኛውን ማስታወቂያ የሚቆርጥልን እሱ ነውና። ታዲያ ወይዘሮዋ አማርኛ ስለምታውቅ እሷ ትያዘው ብል፣ በቀኝ በኩል ነጭ ቦታ ይቀራል፣ ነጭ ቦታ ብክነት ነው አሉኝ። ማረሚያ ይውጣልኝ ብል፣ ለአንድ ሰው ስም ተብሎ የማባዣ ስቴንስል አይበላሽም አሉኝ። አንድ ሰው አልነበረም፤ በእናንተ ሒሳብ እንኳ ሁለት ነበር።

በመጨረሻ ያሉኝን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል ስበላም ሆነ ስተኛ እሰማዋለሁ። «ጥፋቱ የስምህ ነው» አሉኝ፤ «ከ መስተዋድድ ነው፤ በመስተዋድድ የሚጀምር ስም የት አገር አለ? ቀይረው»።

የት አገር እንዳለ ሳልነግርዎ የወጣሁት አክብሮት ይዞኝ ነበር። አሁን ልንገርዎ። ከበደ በ«ከ» ይጀምራል፤ በቀለ በ«በ» ይጀምራል፤ ለማ በ«ለ» ይጀምራል፤ የሺ በ«የ» ትጀምራለች። እነዚህ ሰዎች በአምቦና በአካባቢው በሰላም ወጥተው የሚገቡት ስማቸው እስካሁን መስመር ዳር ስላልደረሰ ብቻ ነው፤ ሲደርስ አንዱ ክብደት፣ ሌላው ቡቃያ ሆኖ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እርስዎም ብዙነህ ይባላሉ። ማሽኑ «ብዙ» ላይ ዳር የደረሰ ቀን፣ ቀሪውን «ነህ» ከሥር ሲያገኙት ማን አንተ እንዳለዎ ለማወቅ ይቸገራሉ። እኔ ግን አልመኝልዎም። ክፍልዎን ለቅቄ ስወጣ የተሰማኝን በዚህ ደብዳቤ ቋንቋ መጻፍ ስለማልችል ተቃጠልሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ነገሩን ለሐሊማ ነገርኋት። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር፤ ቤታችን ግን መጋረጃ እንጂ ግድግዳ የሚከፍለው አይደለም። እታሰር እንደሆነ ሱቁን ማን እንደሚይዘው ተነጋገርን፤ አብዱልናስርን ለጊዜው ወደ አጎቱ እንላከው ወይ ተባባልን፤ ያኔማ በእርግጥ ኮብላይ ይሆናል ብዬ እኔው ተውሁት።

እሑድ ጠዋት አብዱልናስር ፍራሹ ላይ አልነበረም። የወንድሙን ካፖርት ለብሶ ወጥቷል። እኔ ቀበሌ ስደርስ አልቆ ነበር፤ የሆነውን የሰማሁት ከጓድ ጉግሳ ነው። ልጁ ጠረጴዛው ፊት ቆመ፤ መዝጋቢው ስሙን ሲጠይቀው መጂድ ነኝ አለ። መዝጋቢው መስመሩን ፈለገ፣ አገኘው፣ ምልክት አደረገበት። ከድሮ ጀምሮ የጠፋ ሰው አሥራ ስድስት ዓመት ሊሆነው ስለማይችል ዕድሜውን የጠየቀው የለም። ጓድ ጉግሳ እዚያው አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ልጁን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል፤ ዝም አለ። እሱም ወረቀቱ እንዲሞላለት ይፈልግ ነበርና ብዙ አልፈርድበትም፤ ጥቂት ግን እፈርድበታለሁ። ልጁ ሲወሰድ ወደ እሱ ዞሮ «አባቴን ተዉት፤ መጂድ መጥቷል» እንዳለው ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም።

ሰኞ እናቱና እኔ የተጠሩት ወጣቶች እስኪጫኑ ድረስ ወደሚቆዩበት አምቦ ወዳለው ግቢ ሄድን። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ጨዋ ሰው ነበር። አብዱልናስር ከድሮ ብዬ ጠየቅሁት፤ ስሙን ፈልጎ እንዲህ ያለ ሰው የለም አለኝ። መጂድ ብዬ ጠየቅሁት፤ አዎ፣ መጂድ አለ አለኝ፤ ምኑ ነህ አለኝ። አባቱ ነኝ አልሁት። የአባቱ ስም እዚህ አልተጻፈም አለኝ። ተጽፏል፣ ከድሮ ይላል፣ ከድሮ እኔ ነኝ ብል፣ ወረቀቱን ደግሞ ደጋግሞ አነበበና ይህ ስም አይደለም፣ ጊዜ ነው አለኝ። ሐሊማ ለልጇ በቅቤ ያሸችውን ጭኮ እንዲሰጥላት ለመነችው፤ ተቀብሎ ገባ፤ ለማን እንደሰጠው አላወቅንም። ከክፍልዎ መስኮት ሆነው ቢያዩ ያ በር ይታያል። ልጄ እዚያ ውስጥ ነው። የጭነት መኪኖቹ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይነሣሉ ተብሏል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ አንዲት መስመር ማረሚያ ናት። «መጂድ የሚባል ሰው የለም፤ የቀረበው አብዱልናስር ከድሮ ነው፤ ዕድሜው አልደረሰም» የምትል ትሁን። ዘበኛው ወረቀት ካልሆነ አያምንም፤ ጓድ ጉግሳም ወረቀት ሲያገኝ አንደበቱ ይፈታል፤ ወረቀቱ የተሳሳተበት ቦታ እንዳለ በወረቀት ሊመሰክሩ የሚችሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስትጽፉልኝ ግን ወይዘሮ ወርቅውሃ ማሽኑን አጥፍታ በአሮጌው መኪና ብትጽፈው እመርጣለሁ። «አብዱልናስር» ከመካከሉ ከተቆረጠ ናስር የሚባል ሌላ ልጅ ትጠይቁኛላችሁ፤ ከእንግዲህ የምሰጠው የለኝም። «አልደረሰም» የሚለውንም አደራ። «አል» ከላይ ቀርታ «ደረሰም» ወደ ታች ከወረደች፣ ልጄን በገዛ ማረሚያዬ መላኬ ነው።

ማረሚያው ባይወጣና መኪኖቹ ቢነሡስ ብዬ ደግሞ አስቤአለሁ፤ ሌላ የማስበው ነገር የለኝምና። ያኔ ሁለቱ ልጆቼ ከቤት ወጥተዋል፤ አንዱ ዓብዱል፣ አንዱ መጂድ ተብለው ተመዝግበዋል። ሁለት ልጆች በአንድ ስም ሄደዋል፤ ያውም ለእያንዳንዱ ግማሽ ደርሶት። አንድ ቀን ስለ አንዳቸው ወረቀት ቢመጣ፣ የደስታ ይሁን የሌላ፣ ስለ የትኛው እንደሆነ እናታቸው እንዴት ታውቃለች? ለየትኛው ትለቅሳለች? ወረቀቱስ ለማን ይሰጣል? የአባት ስም በሌለበት የጊንጪን በር ሁሉ ቢያንኳኩ እኔን አያገኙኝም። ስለዚህ ያን ወረቀት የማዘጋጀት ዕጣ ለክፍልዎ ቢደርስ፣ ብክነትም ቢሆን፣ ቀኝ ዳሩ ባዶ ቢቀርም፣ ልጄን ከነሙሉ ስሙ ከእኔ ከአባቱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ጻፉልኝ።

ለሚሰጡኝ መልስ አስቀድሜ፣ ለማይሰጡኝም መልስ እንዲሁ አስቀድሜ እያመሰገንሁ፣ ለማሽኑ ዳር የሌለው ወረቀት፣ ለእርስዎም ከማሽኑ የሚስተካከል እርጋታ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ከድሮ ሸምሱ
ሰው እንጂ ጊዜ ያልሆነ
ጊንጪ

ግልባጭ፦
ለጓድ ጉግሳ ሆርዶፋ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ለወይዘሮ ወርቅውሃ፣ በአንድ መስመር
ለመጂድ፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ስጽፍ አንዲትም ትንሽ ቃል ዳር ላይ ብቻዋን እንዳትቀር ስለተጠነቀቅሁ፣ በገጹ ቀኝ በኩል እዚህም እዚያም ነጭ ቦታ ቀርቷል። ቁጠባውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች መጥተው ቢለኩት አልቃወምም። ሲጨርሱ ግን እግረ መንገዳቸውን ወደ ቤቴ ጎራ ብለው፣ ሁለት ልጆች ይተኙበት የነበረውን ፍራሽ ስፋት ለክተው በብክነቱ ሒሳብ ላይ ይደምሩልኝ።